ሁለት ኮሜዲያን ተገናኝተው ሳቅ የጠፋበት ቃለ መጠይቅ፦ እንግዳው ማን ነበር?

የሆጤው ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ያ ጀማዓ፣ እንዴት አመሻችሁ?

ትናንት ማታ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ የቆየ ቃለ መጠይቅ አየን። እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ሪኪ ጀርቬዝ አሜሪካዊውን ኮሜዲያን ጋሪ ሻንድሊንግን ሎስ አንጀለስ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያናገረበት ነው። በ2006 በእንግሊዙ ቻናል 4 የተላለፈ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጀርቬዝ በዚያ ዝግጅት የሚያደንቃቸውን ሦስት ሰዎች ነው ያናገረው። ላሪ ዴቪድን፣ ክሪስቶፈር ጌስትን እና ሻንድሊንግን።

ሳቅ ጠብቀን ነው የተቀመጥነው። ትንሽ እንደሄደ አንዱ ጓደኛዬ ትራሱን አቅፎ "ኧረ በቃ አጥፋው፣ እኔ አፈርኩ" አለ። ጀርቬዝ ይጠይቃል፤ ሻንድሊንግ ያየዋል። መልስ ከመጣም አጭር ነው። ጀርቬዝ ዝምታውን ለመሙላት ይስቃል፣ ያ የሚታወቅበትን ጮክ ያለ ሳቅ። ሳቁ ሲያልቅ ዝምታው ከበፊቱ ይብሳል።

ከዚያ ሰው ምን እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ይሄው ስንት ዓመቱ፣ ክርክሩ አላለቀም። ግማሹ "ሻንድሊንግ ቤቱ የመጣን ሰው አዋረደ" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ሁለቱም ነገሩን አውቀው ነው የሠሩት" ይላል።

እኔ ሁለቱም አልዋጥልኝ አለ። ቆይቼ አንድ ነገር ታየኝ። እኛ ቃለ መጠይቅ የሚደረግለትን ሰው "እንግዳ" ነው የምንለው። "የዛሬው እንግዳችን" ይባላል። አቅራቢው ባለቤት ነው፤ ያስቀምጣል፣ ያጫውታል፣ አፍ ያስፈታል። እዚህ ግን "እንግዳው" በገዛ ቤቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ካሜራ አስከትሎ በሰው በር የገባ ሰው ነው። ሁለቱም ሌላው ያስተናግደኛል ብለው ጠበቁ። "ኖር" የሚል ጠፋ።

ደሴ ሰው ቤት ስትገቡ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እናት ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ሰፈሩ ደህና፣ ይባባላል። የመጣህበት ጉዳይ የሚነሳው ቡናው ቶና ሲደርስ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጉዳዩን በር ላይ ጀመሩት።

እናንተስ እንዴት አያችሁት? ያላያችሁት እዩትና ተመለሱ።

---

የሸዋ በሯ

የሆጤው፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ግን ጥፋቱን ለሁለት አካፍለኸዋል። እኔ አላካፍልም። ይሄ ሰው ማን እንደሆነ አውቆ የገባ ሰው በዚያ መንገድ መግባት አልነበረበትም።

ሻንድሊንግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልበል። በ80ዎቹ ታዋቂው አሜሪካዊ የቴሌቪዥን አቅራቢ ጆኒ ካርሰን በሌለበት ጊዜ የእሱን የሌሊት ሾው ተክተው ከሚያቀርቡት አንዱ ነበር። የራሱን እንዲህ ያለ ሾው ይዞ ዕድሜ ልኩን መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ከ1992 እስከ 1998 ኤችቢኦ ላይ "ዘ ላሪ ሳንደርስ ሾው"ን ሠራ። ታሪኩ ስለ አንድ የቶክ ሾው አቅራቢ ነው። ላሪ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ እንግዳውን ያሞግሳል፣ ይስቃል። ማስታወቂያ ሲገባ ፈገግታው ከፊቱ ይወርዳል። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚባባሉት ይጠፋቸዋል። መጋረጃው ሲከፈት ደግሞ እንደገና ወዳጆች ናቸው።

አሠራሩን ደግሞ ልብ በሉ። ሾው የሆነውን ክፍል በቪዲዮ ቀረጹት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን በፊልም። ስታየው ዓይንህ ራሱ ይለየዋል፤ አንዱ ያብረቀርቃል፣ አንዱ ኑሮ ይመስላል። እንደሌሎቹ ኮሜዲዎች የተቀዳ ሳቅም አልጨመሩበትም።

እንግዲህ የቃለ መጠይቅን የውሸት ፈገግታ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲገልጥ የኖረ ሰው ነው። ያንን ሰው ካሜራ ፊት አስቀምጠህ "ፈገግ በልልኝ" ማለት ምን ይባላል? እኔ ስለእሱ ነው የተቆረቆርኩት።

---

የገራዶ ልጅ

እኔ አራት ደቂቃ አይቼ ዘጋሁት። የምሬን ነው፣ ሆዴን ቆረጠኝ። ሰው ሲጣላ ማየት እችላለሁ። ሰው ለመስማማት ሲሞክር ሲያቅተው ግን ማየት አልችልም።

ለማንኛውም እኔ "አውቀው ነው" ከሚሉት ወገን ነኝ። በ2008 የጀመረውን የዛክ ጋሊፊያናኪስን "ቢትዊን ቱ ፈርንስ" አታውቁትም? ሁለት ተክል መሃል ተቀምጦ ታዋቂ ሰዎችን በሞኝ ጥያቄ የሚያስጨንቅበት ነው። በ2014 ኦባማ ሳይቀር ቀርቦበታል። ጭንቀቱ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ነው። ይሄኛውስ ያው ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?

---

ካሜራ ኮምቦልቻ

ከሙያዬ አንጻር ልናገር። ኮምቦልቻ ሠርግ እቀርጻለሁ፣ ኤዲቱንም ራሴ ነኝ የምሠራው።

መጀመሪያ ዝምታ ለምን እንደሚያስጨንቀን። በ2009 በ10 ቋንቋዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሰው ተጠይቆ መልስ እስኪጀምር የሚወስድበት ጊዜ በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ አካባቢ ነው። ከአስሩ ፈጣኖቹ ጃፓኖች ነበሩ፣ ዘገምተኞቹ ዴንማርኮች። የሁለቱ ልዩነት ግን ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የሰው ልጅ የትም ይሁን የት ቶሎ ይቀባበላል። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ዝም ስትል ለሰሚው ጆሮ ከለመደው አስር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የገራዶ ልጅ ሆዱን የቆረጠው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ያ ዝምታ እዚያ ያለው ኤዲተሩ ስለተወው ነው። ማውጣት በጣም ቀላል ነው። ጥያቄው እንዳለቀ የሰሚውን ፊት ታስገባለህ፣ ከሥሩ ድምፁን ትቆርጣለህ፣ መልሱን ታመጣለህ። ተመልካች አያውቅም። እኛ ጋ የምታዩት ቃለ መጠይቅ ሁሉ እንዲህ ታጥቦ የወጣ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ሻንድሊንግ ለምን ዝም አለ?" ብቻ አይደለም። ጀርቬዝና አብረውት የሠሩት ሰዎች እኛ እንድናየው መርጠዋል። ይሄ ድፍረት ነው፣ እኔ አከብራቸዋለሁ።

ለምን እንደማከብራቸው ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋን አያት "ለልጆቹ ምን ይመርቃሉ?" ብዬ ማይክ ያዝኩላቸው። ዝም አሉ። ቆጥሬዋለሁ፣ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ጣታቸው የጋቢያቸውን ጥለት ይዞ ይፈትላል። ከዚያ "ይሁንላቸው" ብቻ አሉ። እኔ ዘጠኙን ሰከንድ ቆርጬ "ይሁንላቸው" የሚለውን አስቀረሁ። ቪዲዮውን ከሰጠሁ በኋላ ልጅቷ ስቱዲዮ ድረስ መጣች። "አባባ ዝም ያሉበት የታለ?" አለችኝ። እዚያው ቆማ ማየቷን አስታውሳ ነው። ሴት አያቷ በዚያው ዓመት ነበር የሞቱት። ደግነቱ ዋናው ፋይል ነበረኝ፣ መልሼ አስገባሁላት። ከዚያ ወዲህ መቀስ ሳነሳ ሁለቴ አስባለሁ።

---

የሆጤው ልጅ

@ካሜራ ኮምቦልቻ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ጀርቬዝ ራሱን ሊያሳምር ይችል ነበር ማለት ነው። አላደረገውም።

---

መምህር በጡረታ

ልጆቼ፣ እንግሊዝኛው በሩቁ ቢሆንም የልጅ ልጄ ከፍታልኝ አየሁት። ወይዘሮ ስህን የተማርኩ፣ ከዚያም ለብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዝም ካለ ተማሪ ጋር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁና ትንሽ ልበል።

የሆጤው ልጅ ስለ እንግዳ ያነሳው ነገር ደስ ብሎኛል። እኔ አንድ ልጨምርበት። አዝማሪ ቤት ሰው ግጥም ሲያቀብል ምን ይላል? "ተቀበል!" ይላል። አዝማሪው ደግሞ ቢከፋውም ይቀበላል። ግጥሙ ደካማ ከሆነ በዜማው ያቃናዋል፣ ዘለፋ ከሆነ በዘዴ ይመልሰዋል። ሳይቀበሉ ዝም ማለት የለም። መንዙማም እንዲሁ ነው። አውጪው ያወጣል፣ ጀማዓው ይቀበላል። ተቀባዩ ከተወ አውጪው ብቻውን የሚጮህ ሰው ይሆናል።

ቀልድም እንዲሁ ነው። የእኛን ጥንዶች አስታውሱ። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። አንዱ ሲወረውር ሌላው ይቀልባል። የሚያስቀው ቃሉ ብቻ አልነበረም፤ የሚቀበለው ሰው ፊት ነበር።

እኔ በዚህ ቃለ መጠይቅ ያየሁት ሁለት አውጪዎችን ነው። ተቀባይ አልነበረም። ጀርቬዝ ይወረውራል፣ ሻንድሊንግ ሲወድቅ ያየዋል። ሻንድሊንግ በጣም ዝግ ብሎ አንድ ነገር ይወረውራል፣ ጀርቬዝ ከመሬት ሳይደርስ በሳቅ ይሸፍነዋል። በእኔ ግምት ሻንድሊንግ በራሱ መንገድ ሊጫወት ሞክሯል። ጨዋታው በጣም ቀስ ያለ ስለነበር ሌላው መጀመሩን አላወቀም።

የሸዋ በሯ ልጄ፣ ለሰውየው መቆርቆርሽን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን በእኛ ወግ እንግዳ ቢያጠፋም ከቤት እስኪወጣ ይከበራል። ይህን ዕዳ ከባለቤቱ ላይ አታንሺለት።

---

የሸዋ በሯ

መምህር፣ እርስዎ ያሉትን አልገፋም። ባለቤት ባለቤት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላስረዳ፣ ለማስተባበል አይደለም። በ2018 ጀድ አፓታው ስለ ሻንድሊንግ ሕይወት በሁለት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። አፓታው ወጣት እያለ አብሮት የሠራ ሰው ነው። ፊልሙ የተሠራው ሻንድሊንግ ለብዙ ዓመታት በጻፈው ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ ነው። ታላቅ ወንድሙ ባሪ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በሚባል፣ ሳንባን በሚጎዳ የዘር በሽታ የሞተው ጋሪ 10 ዓመቱ ሳለ ነው። ቀብሩ ላይ እንዲገኝ አልተደረገም። ቤት ውስጥም ስለ ወንድሙ በግልጽ የሚያወራው አልነበረም። እስቲ አስቡት። እኛ ለቅሶ ቤት ሕፃን ሳይቀር ይዘን ነው የምንቀመጠው።

በ1977 ደግሞ መኪና ገጭቶት ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ በኋላ ነው መድረክ ላይ ቆሞ መቀለድን ሙያዬ ብሎ የያዘው። ጸጥ ብሎ መቀመጥን፣ ማሰላሰልን የዕለት ተግባሩ አድርጎ የኖረ ሰው ነው። ማስታወሻዎቹ ላይ ለራሱ ደጋግሞ የሚጽፈው አትሸሽ፣ አታስመስል የሚል ዓይነት ነገር ነው።

ስለዚህ ለእኔ ዝምታው ንቀት አይመስለኝም። እሱ ዝምታ ውስጥ መኖር ለምዷል። ጀርቬዝ ግን ሥራው ዝምታን ስለ መፍራት ነው። "ዘ ኦፊስ"ን አስታውሱ፣ ከ2001 እስከ 2003 ቢቢሲ ላይ የወጣውን። ጀርቬዝ የሚጫወተው ዴቪድ ብሬንት ዝምታ ሲመጣ የሚሆነውን የሚያጣ አለቃ ነው። ይቀልዳል፣ ማንም አይስቅም። ራሱ ይስቃል፣ ካሜራውን ያያል። ሻንድሊንግ ቤት ውስጥ ያየሁት ጀርቬዝ ያንን ሰው መሰለኝ፤ ያኔ እሱንም አዘንኩለት። ከልቡ የሚያደንቀውን ሰው ፊት ለፊት አግኝቶ ነው እኮ።

---

መድረክ ላይ

ሰላም። እኔ ብዙ አልጽፍም ግን ይሄ ክር የራሴን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ኮምቦልቻ መድረክ እመራለሁ፣ አንዳንዴም እቀልዳለሁ። የሆነ የበዓል ዝግጅት ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ኮሜዲያን መጥቶ "መድረክ ላይ ታጫውተዋለህ" ተባልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማደንቀው ሰው ነው። ጥያቄ ሳይሆን ቀልድ አዘጋጀሁ። እንዲያውቀኝ ፈልጌ ነዋ። እኔም ቀልደኛ መሆኔን እንዲያይልኝ።

ወጣ፣ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጣልኩ። አየኝ። ሁለተኛውን ጣልኩ። "እህ" አለ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ማይኩን የያዘው እጄ አልቦት እየተንሸራተተ በሌላኛው ያዝኩት። ስድስት ቀልድ ነበረኝ፣ ስድስቱንም ጨረስኩ። አንዱንም አልተቀበለም። መምህር "ተቀበል" ሲሉ ሰውነቴ ነው የተንቀጠቀጠው።

ዘፈን ሲገባ ከመድረክ ጀርባ ወረድን። ሌላ የምለው ስላጣሁ "ምሳ በልተሃል?" አልኩት። አልበላም። ከንጋቱ ጀምሮ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ተቀምጦ መጥቷል። አዘጋጆቹ ቃለ መጠይቅ እንዳለ አልነገሩትም፤ ሥራውን አቅርቦ የሚወርድ መስሎት ነበር። ይዤው የመጣሁትን ቆሎ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ጀርባዬን ለመብራቱ ሰጥቼ ከለልኩት፤ ሳይታይ በላ። ስንመለስ አንድም ቀልድ አልነበረኝም። "መንገዱ እንዴት ነበር?" አልኩት። ስለ ጣርማ በር ጭጋግ ጀመረ፣ ከዚያ ስለ እናቱ። ያን ያህል አልተሳቀም። ሰው ግን ዝም ብሎ ሰማው።

ጀርቬዝን ሳየው የራሴን ስድስት ቀልዶች ነው ያየሁት። አድናቂ ሆነህ ስትሄድ የምትወደው ሰው እኩያዬ ነህ እንዲልህ ትፈልጋለህ። ያ ፍላጎት ጆሮህን ይዘጋዋል።

---

የገራዶ ልጅ

@መድረክ ላይ፣ ጽሑፍህን አንብቤ ተመልሼ እስከ መጨረሻው አየሁት። ተጽፎ የተሠራ አይመስለኝም አሁን። "ቢትዊን ቱ ፈርንስ" ላይ ስድቡ ይከብዳል፤ ግን ምታቸው አንድ ነው። መምህር እንዳሉት ተቀባይ አለ። እዚህ ምቱ የለም።

ደግሞ እውነተኛ ጠብም አይደለም። በ2011 አሜሪካዊው ኮሜዲያን ማርክ ማሮን በፖድካስቱ ጋላገር የሚባለውን ኮሜዲያን ሲያናግር ሰውየው መሃል ላይ ተነስቶ ነው የወጣው። ማሮን ስለ አንዳንድ ቀልዶቹ ሲጠይቀው ተቆጥቶ ነው፤ እነዚያ ሰዎችን የሚያንቋሽሹ ናቸው የተባሉትን። ሻንድሊንግ አልወጣም።

---

ካሜራ ኮምቦልቻ

የት ይወጣል? ቤቱ ነው እኮ። የሆጤው ያለው ይሄን ነው።

---

የገራዶ ልጅ

ልክ ነህ።  እንግዳ ሲከፋው ተነስቶ መሄድ ይችላል። ባለቤት ሲከፋው ግን ያው ተቀምጦ ማየት ነው።

---

የሆጤው ልጅ

ያ ጀማዓ፣ ዛሬ ከሰዓት አያቴ ጋ ቦሩ ሜዳ ሄጄ ነበር። ስልኬን ይዤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አሳየኋት። እንግሊዝኛ አትሰማም። የእናንተን ክርክር አልነገርኳትም፤ ዝም ብላ እንድታየው ፈለግኩ።

ስኒ እያጠበች ነበር የምታየው። አንዱን ስኒ አጥባ ጨርሳ እንኳ አላስቀመጠችም፣ እጇ ላይ ይዛው ቀረች። "ይሄ ዕድሜው ገፋ ያለው ባለቤቱ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ያኛው ምን ፈልጎ መጣ?" ሊያጫውተው ነው፣ ይወደዋል አልኳት። ቆየችና "ታዲያ መውደዱን ለምን አይነግረውም? ያወራል እንጂ አይነግረውም" አለች።

እኔ ቃል በቃል ስለምሰማ ጀርቬዝ ሲያሞግሰው ሰምቻለሁ። እሷ ግን ፊቱን ብቻ ነው ያየችው፣ ፊቱ ላይ አላገኘችውም። መልሼ ድምፁን ዘግቼ አየሁት። እሷ ያለችው ይታያል። ጀርቬዝ ሲያሞግስ እንኳ ዓይኑ አንድ ቦታ አይቆምም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጻፍኩትን ላስተካክል። ሁለቱም ባለቤት ጠበቁ ያልኩት ለሻንድሊንግ ልክ ይመስለኛል። ጀርቬዝ ግን መስተንግዶ አልነበረም የጎደለው። እንደ @መድረክ ላይ፣ ስድስት ቀልድ ይዞ የገባ ሰው ነው።

አያቴ "ኋላስ እንዴት ሆኑ?" አለችኝ። ሻንድሊንግ በ2016 መሞቱን፣ ጀርቬዝም ሐዘኑን በአደባባይ መግለጹን ነገርኳት። "ነፍሱን ይማር" አለችና ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የላሪ ዴቪዱንም አሳየኝ አለች። ኔትወርኩ እምቢ ስላለ ቅዳሜ አውርጄ እወስድላታለሁ።

---

የሸዋ በሯ

ቅዳሜ ስትሄድ "ላሪ ሳንደርስ"ንም አንድ ሁለት ክፍል ጫን። እኔ ጋ አለ፣ በፍላሽ እሰጥሃለሁ። ፒያሳ ነኝ እስከ 11 ሰዓት።

---

መድረክ ላይ

አያትህ የምትለውን ጻፍልን። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቼ ልምጣ ወይ?

---

የሆጤው ልጅ

ና። 8 ሰዓት መናፈሻ እጠብቅሃለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። ቆሎ አትርሳ።